ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ - ከመቀሌ እስከ ቱር ደ ፍራንስ

ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ በዓለም ታላቅ በሆነው የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በመቀሌ ከተማ የተወለደው ጽጋቡ ያደገው ብስክሌት በሚጋልብ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ብስክሌት ለአገሪቱ ስፖርት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ ተሰልፈዋል። ይሁንና ዘርፉ የሩጫውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

ጽጋቡ በስዊዘርላንድ ኤግል በሚገኘው የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ማዕከል ከሠለጠነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤም ቲ ኤን ኩቤካ የተሰኘውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀላቀለ።  በቀጣዩ ዓመት በቱር ደ ታይዋን አንድ ዙር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ ወደተባለው የጣሊያን ቡድን ሲዛወርም በዓለም ከፍተኛው የቡድኖች እርከን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ቱር ደ ፍራንስ 21 ዙሮችና ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ለሚያውቅ የኢሉባቦር ነዋሪ፣ ይህ ርቀት የዚያን ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከመቱ ወደ ጎሬ የሚወስደውን ዳገት በብስክሌት የወጣ ሰው ደግሞ የአልፕስና የፒሬኒስ ተራሮች የሚጠይቁትን ጉልበት ለመገመት አይቸገርም።

የጽጋቡ ድርሻ ለራሱ ማሸነፍ አልነበረም። ረዳት ጋላቢ ከፊት ሆኖ ለቡድኑ መሪ ነፋስ ይከላከላል፤ ከቡድኑ መኪና ውኃ ያመላልሳል፤ ጉልበቱን ለሌላው ስም ያፈሳል። የዚያ ዓመት የቡድኑ መሪ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ማይንቺስ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ሲወጣ፣ በውጤት ሠንጠረዥ የማይታየው የረዳቶቹ ልፋት አብሮት ነበር።

ጽጋቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ለባህሬን ሜሪዳ፣ በ2018 ለትሬክ ሴጋፍሬዶ ተሰልፏል። በ2018ቱ ቱር ደ ፍራንስ ግን በሆድ ሕመም ምክንያት በሁለተኛው ዙር ለማቋረጥ ተገደደ፤ ከዚያ ውድድር የወጣ የመጀመሪያው ተወዳዳሪም እርሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአውስትራሊያውን ቡድን ሚቸልተን ስኮትን ተቀላቅሎ ወደ ውድድር ተመልሷል።