እንቅልፍ ወደ ሜዳ ሲገባ

ዶክተር ዊልያም ዴሜንት እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ማዕከላቸውን ሲከፍቱ፣ ያን የመሰለ ተቋም በዓለም ላይ አልነበረም። በዚያው ግቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ስፖርተኞች ይሮጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ተመራማሪዎቹና ስፖርተኞቹ በቅጡ እስኪገናኙ ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ።

ዴሜንት ሙያውን የጀመሩት ቺካጎ፣ በእንቅልፍ ተመራማሪው በናትናኤል ክላይትማን ቤተ ሙከራ ነው። ክላይትማን በ1938 ከአንድ ተማሪያቸው ጋር ኬንታኪ ውስጥ በሚገኘው ማሞዝ ዋሻ 32 ቀን ፀሐይ ሳያዩ ኖረዋል። ሰውነት የ24 ሰዓቱን ዑደት ትቶ የ28 ሰዓት ቀን ይለምድ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነበር። ወጣቱ ተማሪ ለመደው፤ መምህሩ አልቻሉም። በ1953 ደግሞ ክላይትማንና ዩጂን አሰሪንስኪ ዓይን ከሽፋኑ ስር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ለዓለም አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍን ባዶ ጊዜ ነው ማለት አልተቻለም።

ስታንፎርድ ውስጥም ሥራው ቀጠለ። ተመራማሪዋ ሜሪ ካርስካደን ከ1976 ጀምሮ በክረምት ዕረፍት ልጆችን እያሰባሰበች አስተኛቻቸው፤ ልጅ ወደ ጉርምስና ሲገባ የእንቅልፍ ፍላጎቱ ይቀንሳል የሚለውም ግምት ፈረሰ። ዕድሉን ካገኙ ጎረምሶቹም እንደ ታናናሾቻቸው ከ9 ሰዓት በላይ ይተኛሉ። ወደ ኮሌጅ ቡድን የሚገባው እንግዲህ ይህ ወጣት ነው።

በ2002 ቼሪ ማህ የተባለች ተማሪ ተጨማሪ እንቅልፍ በአእምሮ ሥራ ላይ ያለውን ውጤት በሚያጠና ሥራ ትሳተፍ ነበር። ከተጠኚዎቹ መካከል ዋናተኞች ነበሩበት፤ እነሱም የራሳቸውን ምርጥ ሰዓት እያሻሻሉ መሆናቸውን ነገሯት። ጥናቱ ስለ ዋና አልነበረም። ማህ ግን ነገሩን እንደ አጋጣሚ አላለፈችውም።

ዴሜንትን ይዛ በ2011 ያሳተመችው ጥናት የዩኒቨርሲቲውን 11 የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የተመለከተ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንደ ልማዳቸው ተኙ፤ ከዚያ ከ5 እስከ 7 ሳምንት በየሌሊቱ ቢያንስ ለ10 ሰዓታት ያህል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተነገራቸው። በአማካይ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ እንቅልፍ ጨመሩ። ሜዳው ላይ በሚደረገው የ86 ሜትር ገደማ የምልልስ ሩጫ ሰዓታቸው ከ16.2 ወደ 15.5 ሰከንድ ወረደ። ከ10 ነፃ ውርወራ 7.9 ያገቡ የነበሩት 8.8 አገቡ፤ ከ15 የባለሦስት ነጥብ ውርወራ ደግሞ ከ10.2 ወደ 11.6 ደረሱ። ቀን ቀን የሚጫጫናቸው እንቅልፍ ቀለለ፣ ስሜታቸውም ተሻሻለ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረውም። ከመሻሻሉ ጥቂቱ የልምምድ ፍሬ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እነዚህ ልጆች ቀድሞውንም በየቀኑ የሚሠለጥኑ፣ የተመረጡ ተጫዋቾች ናቸው፤ እንዲህ ባለ ደረጃ ላይ የ0.7 ሰከንድ ለውጥ ቀላል አይደለም። የጤናውም ጉዳይ አለ፦ በ2014 የታተመ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 112 ታዳጊ ስፖርተኞችን ያየ ጥናት፣ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

ዕውቀቱ ይህን ያህል ከተከማቸ የኮሌጁ ስፖርተኛ ለምን አይተኛም? መልሱ የጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በ1991 የልምምድና የውድድር ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጉዞ ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ማኅበሩ በ2019 ይፋ ባደረገው የባለሙያዎች ሰነድ ለስፖርተኞችም ለአሰልጣኞችም የእንቅልፍ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በጤና ምርመራቸው ውስጥም የእንቅልፍ ችግር እንዲታይ መከረ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ንጋት ላይ ልምምድ የተጠራ፣ ቀኑን ክፍል የሚውል፣ ማታ አውሮፕላን የሚጠብቅ ልጅ ስለ እንቅልፍ ቢማርም የሚተኛበትን ሰዓት ራሱ አይወስንም።

ዴሜንት በ2020 በ91 ዓመታቸው አረፉ። በነሐሴ 2024 ስታንፎርድ የአትላንቲክ ጠረፍ ሊግን ተቀላቀለ፤ ዛሬ ቡድኖቹ ለመጫወት አገሩን አቋርጠው የ3 ሰዓት ልዩነት ወዳለበት ምሥራቅ ይበራሉ። የሊጉን ካርታና የልምምዱን ሰዓት የሚያወጡት አስተዳዳሪዎችና አሰልጣኞች ናቸውና፣ የእንቅልፉ ኃላፊነትም በቅድሚያ የእነሱ ነው።