ባልጩትና «ፋቂ»

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መንገደኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከመልካ ቁንጥሬ ይደርሳል። በአቅራቢያው ያለችው ባልጪት ጥቁር የመስተዋት ድንጋይ የሚገኝባት ናት፤ የስሟን ከ«ባልጩት» ጋር መቀራረብ አንባቢ ሳይነገረው ያስተውለዋል። ቀደምት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ በዚህ ድንጋይ መሣሪያ ሠርተዋል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። በድንጋይ ስለት ቆዳ የመፋቅ ሙያ በጉራጌ፣ በጋሞና በኮንሶ እስከ ቅርብ ዘመን ሲሠራበት ተገኝቷል፤ በኮንሶማ ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው። ካትሪን አርተር የተባሉት ተመራማሪ ከጋሞ ባለሙያዎች ተምረው እንዳስረዱት፣ በእነርሱ ዘንድ ድንጋይ እንደ ሰው የሕይወት ደረጃዎች አሉት።

በአንጻሩ አማርኛችን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ለስድብ አውሎት ኖሯል። (የጥርስ መፋቂያን ግን የሚጠየፍ የለም።) ለድንጋይ መሣሪያዎች ስያሜ ስንሻ፣ ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ ከመዋሳችን በፊት እነዚህን ባለሙያዎች ልንጠይቅ ይገባናል። በመዝገባችንም የ«ፋቂ» ቀዳሚ ፍች «ቆዳ የሚያለፋ ባለሙያ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ስድቡም «ለነቀፋ የሚነገር» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ከሥሩ እንዲከተል ሐሳብ እናቀርባለን።