ወጥቶ ያልራቀ ጎረቤት

ባልና ሚስት ሲፋቱ አንደኛው ጓዙን ሸክፎ ሌላ ሰፈር ይገባል። አገር ሲፋታ ግን ጓዙን ቢሸክፍም መሬቱን ነቅሎ መሄድ አይችልም፤ በማግስቱም መስኮቱን ሲከፍት የሚያየው ያንኑ ጎረቤቱን ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ የሆነውን ሁሉ ባሰላሰልሁ ቁጥር ሐሳቤ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ከዶቨር እስከ ካሌ ያለው ባሕር ጠባብ በሆነበት ስፍራ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንኳ ከዚህ ይርቃል። ውል በፊርማ ይፈርሳል፤ ይህ ርቀት ግን በፊርማ አይረዝምም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በአማርኛችን አንድ የቆየ ልማድ አለ። «እንግሊዝ» ስንል አገሩን በሞላ ማለታችን ነው፤ ስኮትላንዱም፣ ዌልሱም፣ ሰሜን አየርላንዱም በእኛ አፍ እንግሊዝ ነው። ይህ ልማድ የጁን 23 ቀን 2016ቱን ሕዝበ ውሳኔ ለመረዳት አይመችም። በዚያ ቀን ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 51.9 ከመቶው «እንውጣ»፣ 48.1 ከመቶው «እንቆይ» አለ። ድምፁ በየአገሩ ሲዘረዘር ግን ሌላ መልክ ያወጣል። እንግሊዝ በ53.4፣ ዌልስ በ52.5 ከመቶ መውጣትን ሲመርጡ፣ ስኮትላንድ በ62፣ ሰሜን አየርላንድ በ55.8 ከመቶ መቆየትን መረጡ። ስለዚህ «እንግሊዝ ወጣች» የሚለው አነጋገራችን ሳያስበው ወደ እውነቱ ተጠግቷል። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ተከትለው የወጡት ሳይወዱ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ቤልፋስት ስንደርስ ያስፈልገናል።

የሁለቱ ወገኖች ነገር የጀመረው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ዊንስተን ቸርችል በሴፕቴምበር 1946 ዙሪክ ላይ ቆመው አውሮፓውያን አንድነት እንዲመሠርቱ፣ ፈረንሳይና ጀርመንም እጅ ለእጅ እንዲያያዙ ሲመክሩ፣ ብሪታንያን ያስቀመጧት ከደጋፊዎቹ ተርታ ነበር፤ ሠርጉን የምትመርቅ ሽማግሌ እንጂ ሙሽራ አላደረጓትም። ስድስቱ አገሮች በ1951 በፓሪስ የከሰልና የብረት ማኅበራቸውን፣ በ1957 በሮም የጋራ ገበያቸውን ሲዋዋሉ ለንደን ከዳር ቆማ ትመለከት ነበር። የገበያው ብርታት ሲታይ ግን የሃሮልድ ማክሚላን መንግሥት በ1961 ደጁን አንኳኳ። ጄኔራል ደጎል በ1963 «አይሆንም» አሉ፤ በ1967ም ደገሙት። ክርክራቸው፣ ብሪታንያ ደሴት ናት፤ ኑሮዋም በባሕር ንግድና ከሩቅ አገሮች ጋር ባላት ትስስር የቆመ ነው፤ ልማዷ ከእኛ ይለያል የሚል ነበር። ጄኔራሉ ካለፉ በኋላ ብሪታንያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ገባች፤ በ1975ቱ ሕዝበ ውሳኔም 67 ከመቶው መቆየትን አጸደቀ። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ያንኑ የደጎልን ክርክር አንሥተው የተሟገቱት፣ ከፈረንሳይ ምንም ነገር መበደር የማይወዱት የ«እንውጣ» ወገኖች መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው።

ከዚህ የበለጠም ምፀት አለ። ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው ያለ ድንበር የሚዘዋወሩበት የአውሮፓ አንድ ወጥ ገበያ ንድፉ የወጣው በብሪታንያዊ እጅ ነው። ማርጋሬት ታቸር ወደ ብራስልስ የላኳቸው ሎርድ ኮክፊልድ በ1985 ወደ 300 የሚጠጉ የሕግ ማሻሻያዎችን ዘርዝረው አቀረቡ፤ ገበያውም ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ተከፈተ። ታቸር ራሳቸው ግን በሴፕቴምበር 1988 በብሩዥ ከተማ ባደረጉት ንግግር በብራስልስ ልዕለ መንግሥት እንዳይበቅል አስጠነቀቁ፤ ኮክፊልድንም ለሁለተኛ ዘመን አልሾሟቸውም። አባል አገር የሚወጣበትን አንቀጽ 50 በማርቀቅ ስማቸው የሚነሣው ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዲፕሎማት ጆን ከር ናቸው። አዳራሹን የነደፈው ወገን የመውጫውንም በር ጠርቧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ በር ብሪታንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። ሰዓቱ በለንደን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር። ለምን እኩለ ሌሊት አልሆነም ቢሉ፣ እኩለ ሌሊት የሆነው በብራስልስ ነዋ! የነጻነቱ ሰዓት የተቆጠረው በሚለዩት ወገን ሰዓት ነበር። ይህችን ትንሽ ነገር እንደ ዋዛ አላልፋትም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ብዙው ነገር በእርሷ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበርና።

የሽግግሩ ጊዜ ሊያበቃ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 24 ቀን 2020፣ ሁለቱ ወገኖች የንግድና የትብብር ስምምነታቸውን ቋጩ። በመካከላቸው በሚዘዋወር ዕቃ ላይ ቀረጥም ኮታም አይኖርም ተባለ። ለሰሚው መልካም ዜና ነበር። ይሁንና በዘመናችን ንግድ ከቀረጥ ይልቅ የሚከብደው ወረቀት ነው። ከቀረጥ ነጻ የሚያልፈው የሁለቱ ወገኖች ሥሪት መሆኑ በስምምነቱ ደንብ የተረጋገጠ ዕቃ ብቻ ነው። ጀርመን የተሠራ ከረሜላ ወደ ብሪታንያ ገብቶ፣ ምንም ሳይጨመርበት ወደ አየርላንድ ቢላክ፣ ከአውሮፓ ወጥቶ ወደ አውሮፓ እየተመለሰ ሳለ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። የስኮትላንድ ገበሬ ለአውሮፓ ሲሸጠው የኖረው የዘር ድንች ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በሩ ተዘጋበት። ድንቹ ያው ድንች፣ አፈሩም ያው አፈር ነው፤ የተለወጠው አገሩ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ሥጋና አይብ የሚልክ ነጋዴ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ትልቁ ኩባንያ ይህን የሚሠራ አንድ ክፍል ያቋቁማል፤ ለትንሹ ነጋዴ ግን የወረቀቱ ወጪ ከትርፉ ይበልጥበታል። በዚህ ላይ የብሪታንያ ኢኮኖሚ አራት አምስተኛው ያህል አገልግሎት ሆኖ ሳለ፣ ስምምነቱ ለባንኩ፣ ለሕግ ባለሙያውና ለሙዚቀኛው የሰጠው ጥቂት ነው።

«ድንበራችንን እንቆጣጠር» ብላ የወጣችው አገር ድንበሯ ላይ ፍተሻ ለመጀመር የፈጀባትን ጊዜም ልጥቀስ። የአውሮፓ ኅብረት ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ ሲፈትሽ፣ ብሪታንያ ግን ቀጠሮውን ደጋግማ እያራዘመች ከአውሮፓ በሚመጣ ምግብ ላይ የጤና ምስክር ወረቀት የጠየቀችው በጃንዋሪ 2024፣ በአካል መፈተሽ የጀመረችው በኤፕሪል 2024 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍተሻው በጠና ቁጥር የሚወደደው የራሷ ሕዝብ ራት ነው።

የመንግሥቱን በጀት በገለልተኝነት የሚገመግመው የብሪታንያ መሥሪያ ቤት፣ አገሪቱ ባትወጣ ኖሮ ከሚኖራት ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 ከመቶ እንደሚጎድል፣ የወጪና የገቢ ንግዷም 15 ከመቶ ያህል እንደሚያንስ ገምቷል። ፍትሕ እንዳይጓደል የሌላውንም ወገን ነገር መናገር ይገባኛል። ብሪታንያ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር የተዋዋለችው በ2023 ሥራ ላይ ውሏል፤ በዲሴምበር 2024 የፓስፊክ አገሮችን የንግድ ማኅበር ተቀላቅላለች፤ በጁላይ 2025 ከሕንድ ጋር ተፈራርማለች። በኤፕሪል 2025 አሜሪካ በዓለም ሁሉ ላይ ቀረጥ ስታውጅ ለአውሮፓ 20፣ ለብሪታንያ 10 ከመቶ ማለቷን የ«እንውጣ» ወገኖች የምርጫቸው ፍሬ አድርገው ጠቅሰውታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለብዙዎቹ ጥያቄው የገበያ ጥያቄ አልነበረም፤ «ሕጋችንን ማን ይጻፍልን» የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በ2024 እንኳ ብሪታንያ ወደ ውጭ ከሸጠችው 40 ከመቶ በላይ፣ ከውጭ ከገዛችውም ግማሹ ያህል ከዚያው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላል የእኛ ሰው።

እስካሁን ያወጋሁት ስለ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል። የደም ነገር የነበረው በሰሜን አየርላንድ ነው። በዚያ ምድር ለሠላሳ ዓመት በተካሄደው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የኤፕሪል 10 ቀን 1998ቱ የቤልፋስት ስምምነት ጠመንጃውን ያስቀመጠው አንድ ብልህ ዝምታ ስለ ነበረበት ይመስለኛል። አየርላንዳዊ ነኝ ያለው በአየርላንዳዊነቱ፣ ብሪታንያዊ ነኝ ያለው በብሪታንያዊነቱ ይኑር፤ ድንበሩም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝም ማንም አይየው ተባለ። ድንበሩን ላለማየት ያስቻለው ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ገበያ ውስጥ መኖራቸው ነበር። ገበያው ሲከፈል ድንበሩ ተመልሶ ሊታይ ሆነ።

እዚህ ላይ ለንደን ሦስት ነገር ተመኘች፤ ከገበያውና ከጉምሩክ ማኅበሩ መውጣት፣ በአየርላንድ ደሴት ላይ ኬላ አለማቆም፣ በሰሜን አየርላንድና በቀረው አገሯ መካከልም ኬላ አለማቆም። ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ የሚችል እጅ አልተገኘም። ቴሬዛ ሜይ አገሩን በሞላ በጉምሩኩ ውስጥ የሚያቆይ ዋስትና ያለበት ውል ይዘው ቢመጡ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ምክር ቤቱ 432 ለ202 በሆነ ድምፅ ጣለባቸው። ቦሪስ ጆንሰን ሦስተኛውን ምኞት መሥዋዕት አደረጉ፤ ኬላው በአየርላንድ ባሕር ላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከስኮትላንድ ወደ ቤልፋስት የሚሻገር ቋሊማ በገዛ አገሩ ውስጥ እንደ ባዕድ ዕቃ ይጠየቅ ጀመር። ከብሪታንያ ጋር መኖርን የሚሹት ወገኖች እንደ ተከዱ ቆጠሩት፤ ትልቁ ፓርቲያቸው በፌብሩዋሪ 2022 ከጥምር መንግሥቱ ወጣ፤ ቤልፋስትም ለሁለት ዓመት ያለ መንግሥት ቀረች። በፌብሩዋሪ 2023 የተደረሰበት የዊንድዘር ማዕቀፍ ነገሩን አለዘበው፤ በሰሜን አየርላንድ የሚቀረው ዕቃ በአረንጓዴ መሥመር፣ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሊያልፍ የሚችለው በቀይ መሥመር ይግባ ተባለ። መንግሥቱም በፌብሩዋሪ 2024 ተመለሰ። የድንበሩ ጥያቄ ተፈታ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ጥይት ሳይተኮስ በመሥመር ቀለም ተያዘ እንጂ። ይህም በዚያ ምድር ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀስ በቀስ ደግሞ መመለስ የማይባል መመለስ ተጀመረ። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ለንደንና ብራስልስ ባንድ ወገን ቆሙ። በጃንዋሪ 2024 ብሪታንያ ሆራይዝን ወደ ተባለው የአውሮፓ የምርምር መርሐ ግብር ተመለሰች። በጁላይ 2024 የአውሮፓ መሪዎች የተሰበሰቡት ብሌንሃይም በተባለው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ያ ቤት ቸርችል በ1874 የተወለዱበት ነው። ሜይ 19 ቀን 2025 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የኅብረቱን መሪዎች ለንደን ላይ አስተናግደው የጸጥታና የመከላከያ አጋርነት ተፈራረሙ፤ የምግብና የዕፅዋት ፍተሻን የሚያቀል ስምምነት ለመዋዋልም ተስማሙ። ዋጋው ምንድን ነው? ብሪታንያ በዚያ ዘርፍ የኅብረቱን ሕግ፣ ሕጉ በተለወጠ ቁጥር እየተለወጠች፣ ልትከተል ነው። የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆችም በውኃዋ እስከ 2038 ድረስ እንዲቆዩ ፈቅዳለች። ከእድሩ የወጣ ሰው ድንኳኑን ሲከራይ ኪራዩን ይከፍላል፤ ሐሳቡን ቢጠይቁትም በስብሰባው ላይ ድምፅ የለውም።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ አንባቢ የሼክስፒርን «ሪቻርድ 2ኛ» ያስታውሳል። በሞት አፋፍ ላይ ያለው አዛውንት ጆን ኦፍ ጎንት ባሕሩን የአገሩ ቅጥር አድርጎ የሚያወድስበት ንግግር በየመድረኩ የሚጠቀስ ነው። ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ግን ንግግሩ በውዳሴ አለማብቃቱን ነው። አዛውንቱ መጨረሻው ላይ አገሩ በኪራይ መሰጠቷን፣ ጠላት ያላደረሰባትን ጉዳት የገዛ ሰዎቿ እንዳደረሱባት ያማርራል። «እንውጣ» ያለው አንባቢ ተከራዩ ብራስልስ ነው ይላል፤ «እንቆይ» ያለው ደግሞ የገዛ እጅ ቁስሉ 2016 ነው ይላል። አንድ ንግግር ለሁለቱም ይስማማል፤ ሕዝቡን ለሁለት የከፈለው ነገርም ይኸው ይመስለኛል።

የእኔን ብጠየቅ ሉዓላዊነት ሁለት መልክ አለው እላለሁ። አንደኛው ብቻን መወሰን ነው፤ ሁለተኛው በሚነካህ ውሳኔ ላይ ተቀምጦ መናገር ነው። ብሪታንያ የመጀመሪያውን ለማግኘት ሁለተኛውን ሸጠች። ዋጋው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን የሚፈርዱት ያን ቀን ድምፅ ለመስጠት ዕድሜያቸው ያልደረሰው ልጆች ናቸው፤ የዓሣው ውል በ2038 ሲያልቅ ከድርድሩ ጠረጴዛ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ እነርሱ ይሆናሉ። ባሕሩ ያን ጊዜም 33 ኪሎ ሜትር ነው።