በእንግዳ ልጆች የተገኘ ክብር

ሰው የበሰለ ፍሬ ባየ ጊዜ ፍሬውን ያደንቃል፤ ዛፉን የተከለው፥ ውሃም ያጠጣው ማን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። መንግሥታትም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው በአደባባይ በተሸለመ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማቸውን ያውለበልባሉ፤ ያን ልጅ ማን እንዳስተማረው፥ ከወዴትስ እንደ መጣ ለመመርመር የሚተጋ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ አውሮጳ ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ነው። የምናነሣው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የአውሮጳ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅቶች በ1950 ኅብረት አቆሙ። በአንዱ አገር የሚደረገውን ነገር የሌላው አገር ሕዝብ በቤቱ ተቀምጦ በዚያው ሰዓት እንዲያይ የሚያደርጉበትንም መንገድ ዩሮቪዥን ብለው ጠሩት። በ1956 የዘፈን ውድድር ጀመሩ፤ ይህም በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቈይቶ የመጣ ነው። መነሻውም የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. በ1978 ለአገሩ ወጣቶች ያቆመው ውድድር ነበር። ይህ ነገር በሕዝቡ ዘንድ እጅግ ስለ ተወደደ ሌሎች አገሮችም እንዲካፈሉበት ታሰበና በ1982 በማንቸስተር ከተማ ስድስት አገሮች ልጆቻቸውን አቀረቡ። እነርሱም እንግሊዝ፥ ፈረንሳይ፥ ምዕራብ ጀርመን፥ ኦስትሪያ፥ ስዊስና ኖርዌይ ነበሩ። በዚያም ጊዜ ጀርመናዊው ፒያኖ መቺ ማርኩስ ፓውሊክ አንደኛ ወጣ።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አገር አንድ ወጣት ይመርጣል፤ የተመረጠውም በመጨረሻው ቀን በታላቅ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ የተማረውን ያሰማል። ዳኞቹ ራሳቸው የሙዚቃ ሊቃውንት ናቸው፤ ተመልካቹም በየአገሩ በቴሌቪዥን ይከታተላል። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ሲደረግ ቈይቶ በ2020 ብቻ ዓለምን ባስጨነቀው ወረርሽኝ ምክንያት ቀረ፤ በ2022 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ ከተማ ቀጠለ። እስከ 2024 ድረስ 21 ጊዜ ተደርጓል።

እንግዲህ የአሸናፊዎቹን መዝገብ ገልጠን እንቍጠር። ጀርመን 2 ጊዜ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ አንዳንድ ጊዜ፥ ፖላንድም 3 ጊዜ አሸንፈዋል። አባቶቻችን ነምሳ ይሏት የነበረችው ኦስትሪያ ግን በሕዝብ ብዛት ከጀርመን፥ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ እጅግ የምታንስ ስትሆን 6 ጊዜ አሸንፋለች። ይህን የሰማ ሰው፥ «ቪዬና የሙዚቃ ከተማ ናትና ልጆቿ ሙዚቃን ከእናታቸው ጡት ጋር ይጠባሉ» ሊል ይችላል። ነገር ግን የልጆቹን የትውልድ ስፍራ የመረመረ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል።

በ1988 በአምስተርዳም ያሸነፈው ዩሊያን ራክሊን በሊትዌኒያ በቪልኒዩስ ከተማ ተወለደ፤ ወላጆቹም ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በ1978 ገና ሕፃን ሳለ ይዘውት ወደ ቪዬና ተሰደዱ። ባሸነፈ ጊዜ ዕድሜው 13 ዓመት ብቻ ነበር። በ1998 ያሸነፈችው ሊዲያ ባይች የተወለደችው በዚያን ዘመን ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው ከተማ ነው። በ2002 በበርሊን ያሸነፈው ዳሊቦር ካርቫይ ስሎቫክ ነው። በ2004 በሉሰርን ያሸነፈችው አሌክሳንድራ ሱም በሞስኮ ተወልዳ በፈረንሳይ አገር ያደገች ናት። በ2014 በኮሎኝ ያሸነፈው ዚዩ ኸ ከቻይና መጥቶ በሳልዝቡርግ ይማር የነበረ ልጅ ነው። ከስድስቱ የኦስትሪያ አሸናፊዎች እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ በሌላ አገር የተወለዱ ናቸው፤ የሁሉም መሣሪያ ቫዮሊን ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከእነዚህ ከአምስቱ አራቱ፥ ማለት ራክሊን፥ ባይች፥ ካርቫይና ሱም፥ የአንድ ሰው ደቀ መዛሙርት ናቸው። እኒህም ሰው ቦሪስ ኩሽኒር ይባላሉ። በ1948 በኪዬቭ ተወለዱ፤ በሞስኮ በታላቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1981 ወደ ኦስትሪያ መጥተው ተቀመጡና በቪዬና የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። እንግዲህ ልጆቹ እንግዶች፥ መምህሩም እንግዳ ነበሩ። ኦስትሪያ የሰጠቻቸው ቤትንና ወንበርን ነው፤ ዕውቀቱን ግን መምህሩ ይዘውት የመጡት ከሞስኮ ነው። ስለዚህ በውድድሩ ቀን ሰንደቅ ዓላማው አንድ ሆኖ ቢታይም፥ ከእርሱ በስተኋላ ብዙ አገሮችና ብዙ ድካም ቆመዋል።

ቪዬና እንግዳን ተቀብላ የከበረችው በዚህ ዘመን ብቻ አይደለም። ቤትሆቨን በ1792 ከጀርመን አገር ከቦን ከተማ መጥቶ በቪዬና ከሃይድን ዘንድ ተማረ፤ ከዚያም እስከ ሞቱ ድረስ አልተለያትም። ብራምስም የሐምቡርግ ተወላጅ ሲሆን በ1862 ወደ ቪዬና መጣ፤ በ1897 ሲሞትም የተቀበረው በዚያው ነው። ዛሬ የከተማይቱን ስም የሚያስጠሩት እነዚህ መጻተኞች ናቸው።

ታሪክን የሚጽፍ ሰው ግን መልካሙን ጽፎ ክፉውን መተው አይገባውም። አርኖልድ ሮዜ በ1863 በሩማንያ በያሲ ከተማ የተወለዱ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ቪዬና መጥተው ከ1881 ጀምሮ እስከ 1938 ድረስ 57 ዓመት ሙሉ የከተማይቱ ታላቅ ኦርኬስትራ የቫዮሊን መሪ ሆኑ፤ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ግን አይሁዳዊ ናቸው ተብሎ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር። ወደ ለንደን ተሰደው በ1946 በስደት አገር ዐረፉ። እንደ አባቷ ቫዮሊን መቺ የነበረችው ልጃቸው አልማ ሮዜ በናዚዎች እጅ ወድቃ ወደ አውሽቪትስ ተወሰደች፤ በዚያም የታሰሩትን ሴቶች ኦርኬስትራ ስትመራ ቈይታ በ1944 ሞተች። ስለ ሙዚቃ ፍቅሯ የምትመሰገን ከተማ መምህሯን አውጥታ ጣለች። ሙዚቃን መውደድ ሰውን መውደድ እንዳልሆነ፥ በጎ ጆሮም ያለ በጎ ልብ እንደማይጠቅም ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ሁለቱን ዘመን አስተያዩ። በ1938 በሩ ተዘጋ፤ ከተማይቱም መምህሯን አጣች። በ1981 በሩ ለአንድ መጻተኛ መምህር ተከፈተ፤ ከእርሳቸውም እጅ አራት ልጆች በአውሮጳ ሁሉ ፊት አንደኛ ወጡ። ይህ የዕድል ነገር ብቻ አይመስለንም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «በሌላ አገር ልጅ የተገኘ ክብር የተበደሩት ልብስ ነው፤ የወለደችው አገር ትመስገን እንጂ የተቀበለችው ምን ሠራች?» ይል ይሆናል። የወለደችው መመስገኗ እውነት ነው፤ ዘሩ ከእርሷ ነውና። ነገር ግን ዘር መሬት ካላገኘ ዘር ሆኖ ይቀራል። ልጅን ተቀብሎ፥ መምህር ሰጥቶ፥ በየቀኑ አንዱን ልምምድ መቶ ጊዜ ሲደግም ታግሦ መስማት ቀላል ሥራ አይደለም። የተበደሩት ልብስ ይመለሳል፤ የተማሩት ትምህርት ግን ሲሰጡት ይበዛል እንጂ አያልቅም።

ለዚህም ምስክሮቹ ራሳቸው አሸናፊዎቹ ናቸው። ራክሊን ካደገ በኋላ በ1999 በዚያው በቪዬና አስተማሪ ሆነ፤ በልጅነቱ የተቀበለውንም ለሌሎች ልጆች ያካፍል ጀመር። አሌክሳንድራ ሱም ደግሞ በታላላቅ አዳራሾች መጫወቷ ሳይበቃት ከባልንጀሮቿ ጋር ማኅበር አቁማ ሙዚቃን በሆስፒታል ወደ ተኙት፥ በወኅኒ ወደ ታሰሩትና ቤት ወደሌላቸው ሰዎች ወሰደች። ከሽልማቱ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስለናል፤ ሽልማቱን ያዩት ዳኞች ናቸው፥ ይህን ግን የሚያየው እግዚአብሔር ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ዩሮቪዥን ዝግጅቱን ሲጀምር የሚያሰማው የመለከት ዜማ ለብዙ ሰው የታወቀ ነው፤ ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ማርክ አንትዋን ሻርፓንትዬ በ17ኛው መቶ ዓመት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከደረሰው የምስጋና መዝሙር የተወሰደ መግቢያ ነው። ይህ ሰው በ1704 ከሞተ በኋላ ሥራው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። እርሱም በወጣትነቱ አገሩን ትቶ ወደ ሮማ ሄዶ፥ ካሪሲሚ ከሚባል ኢጣልያዊ መምህር ዘንድ የተማረ መጻተኛ ነበር። እንግዲህ የአገሮች ልጆች ለውድድር በሚቀርቡበት ቀን አስቀድሞ የሚሰማው፥ በእንግድነት የተማረ ሰው ለእግዚአብሔር ያቀረበው ምስጋና ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ከሩቅ የመጣ ልጅ ቢኖር፥ የሚማርበትን ነገር አትንፈገው። ነገ የማንን ስም እንደሚያስጠራ አታውቅም፤ የማንንም ስም ባያስጠራ እንኳ ያደረግህለት በጎ ነገር በከንቱ አይቀርም።