ፈንግል፣ ኮሌራ፣ አተት፤ የአንድ በሽታ ሦስት ስሞች

ስለ ሕክምና ቃላት አመራረጥ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚያተኩረው አብዛኛውን ጊዜ የባዕዱን ቃል እንዳለ እንቀበለው ወይስ አቻ እናብጅለት በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የወረርሽኝ ስም ግን ከዚህ ያለፈ ሸክም አለበት። ስሙን የሰማ ሰው ውኃውን አፍልቶ ይጠጣ እንደሆነ፣ ሕመምተኛውን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርስ ወይም እስከ ነገ ያቆይ እንደሆነ፣ ውሳኔው በከፊል ከስሙ ይመነጫል። ለዚህም እንደ ኮሌራ ግልጽ ምሳሌ የሚሆን የለም፤ በአማርኛ ሦስት ስሞች ተፈራርቀውበታልና።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሽታው «ፈንግል» ይባል ነበር። ቃሉ «ፈነገለ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ ነው፤ ገፍቶ ጣለ፣ ገለበጠ ማለት ነው። በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር፣ በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ በሽታው ገብቶ ብዙ ሰው እንደ ፈጀ፣ ንጉሡም ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር እንደ ወጡ፣ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ጧት ቆሞ የታየ ሰው ማታ ይቀበራል፤ ስሙ የሚናገረውም ይህንኑ ፍጥነት ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ይህም የአማርኛ ጉድለት ብቻ አልነበረም። ጆን ስኖው በለንደን በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ያሳየው በ1854 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያገሩ ሐኪሞች እንኳ ለብዙ ዓመታት አላመኑትም ነበር። ሮበርት ኮኽ ተሕዋሱን ለይቶ ያስታወቀው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው።

ፈንግል ዛሬ የዶሮ በሽታ ስም ሆኗል። ቃሉ አልሞተም፤ ከሰው ወደ ዶሮ ወረደ እንጂ። የድሮ ጽሑፍ የሚያነብና የሚተረጉም ሰው ይህን ካላወቀ የሠራዊቱን እልቂት ከዶሮ ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

ሁለተኛው ስም «ኮሌራ» ከግሪክ ተነሥቶ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል የደረሰን ነው። ለአማርኛ ሰሚ ሥሩ ምንም አይነግረውም፤ ፍርሃቱን ያገኘው ከልምድ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ከኢንዶኔዥያ የተነሣው ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲደርስ ስሙ ሌላ ትርጉም ጨምሮ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ኮሌራን መንግሥታት ወዲያው እንዲያስታውቁ ከሚገደዱባቸው ጥቂት በሽታዎች መካከል አድርጎታል። ማስታወቁም ጎረቤት አገሮች በመንገደኛና በሸቀጥ ላይ ዕገዳ እንዲጥሉ ምክንያት ይሆን ነበር። እንግዲህ ቃሉ የሐኪም ብቻ መሆኑ ቀርቶ የንግድና የዲፕሎማሲ ቃልም ሆነ፤ ስሙን መጥራት ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛው «አተት» የተወለደው በዚህ መካከል ነው። በ1998 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. በተነሡት ወረርሽኞች ጊዜ በመንግሥት መግለጫዎች ውስጥ ኮሌራ የሚለው ቃል አልነበረም፤ የተነገረው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ በአጭሩ «አተት» የሚል ነበር። ሐረጉ የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ትርጉም አይደለም። እንግሊዝኛው ተቅማጡ «ውኃማ» መሆኑን ይናገራል እንጂ ትውከትን አያነሣም። አማርኛው ውኃማነቱን ትቶ ትውከትን ጨመረ፤ ምናልባት ቤተሰብ በዓይኑ የሚያየው ይህ ስለሆነ ይሆናል። በዚህ በኩል ተርጓሚው የሚመሰገን ነው። ምልክቱን ብቻ የሚያመለክት ስም በሕክምናም ትክክለኛ ቦታ አለው፤ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሕመምተኛው ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባልና። ያልታከመ ከባድ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ በጊዜው ፈሳሽ ከተተካለት ግን ከመቶ ሕመምተኞች የሚሞተው ከአንድ በታች ነው።

ክፋቱ ጊዜያዊ መሆን የሚገባው ስም ቋሚ ሆኖ ሲቀር ነው። ተቅማጥና ትውከት በየቤቱ የሚታወቅ፣ «ያልፋል» የሚባል ሕመም ነው። ምሕጻሩ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ «አተት» ሲባል ጆሮ የሚይዘው «አተተ»ን፣ የሐተታን ዘመድ ነው። ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ የሚጠጣው ገበሬ ከዚህ ድምፅ ምን አደጋ ሊሰማ ይችላል? በ2011 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ወረርሽኙን ኮሌራ ብሎ በስሙ ጠራው፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ የተነሣውም እንዲሁ ኮሌራ ተብሎ ተነገረ። በ1999 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም የድሮውን አጭር ዝርዝር ትቶ አደጋውን ራሱን መመዘን ጀምሮ ነበር፤ የስሙ ዋጋ ግን ከወረቀት በቀላሉ እንደማይፋቅ ታይቷል።

ሦስቱም ስሞች የመተላለፊያውን መንገድ አይነግሩም፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ አንዱ ዝናውን፣ አንዱ ምልክቱን ነው የያዙት። መንገዱን የያዘው «ውኃ ወለድ በሽታ» የሚለው የቅርብ ጊዜ ጥምረት ነው። ውኃ ተሕዋሱን ይሸከማል እንጂ አይወልድም የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን ሐረጉ ጣቱን የሚቀስረው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። የሚቀረው መናገር የሚያሳፍረው ነገር ነው፤ የሰው ዓይነ ምድር ከመጠጥ ውኃ ጋር መቀላቀሉ። «ንጽሕናችሁን ጠብቁ» የሚለው የተለመደ ማስታወቂያ ይህን አይተካም፤ ንጽሕና በአማርኛ የነፍስም፣ የድንግልናም ቃል ስለሆነ ሰሚው ስለ ጉድጓዱ ሳይሆን ስለ ጠባዩ የተነገረው ሊመስለው ይችላል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንግዲህ «ፈንግል» ሁለት ፍቺ ያስፈልገዋል፤ ፩ኛ፦ (ጥንት) ኮሌራ፤ ፪ኛ፦ ፈጣን የዶሮ በሽታ። «አተት» «ኮሌራ» ተብሎ ብቻ መፈታት የለበትም፤ ሌሎች ተሕዋስያንም ያንኑ ምልክት ያመጣሉና። ነገር ግን በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. መግለጫዎች በኮሌራ ፈንታ የገባ ስም መሆኑ ከነዘመኑ በፍቺው ሥር ይመዝገብ።