ማን ይጫወታል? ማንስ ይከፍላል? የትምህርት ጨዋታዎች እንደ ታሪክ ምንጭ



 የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲሴምበር 3 ቀን 1971 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የቴሌታይፕ መሣሪያ ዙሪያ ተሰበሰቡ። መሣሪያው ስክሪን የለውም፤ የሚጽፈው በወረቀት ጥቅል ላይ ነው። ርቆ ከሚገኝ ኮምፒዩተር ጋር የተገናኘው በስልክ መስመር ስለነበር፣ ዛሬ «ኦንላይን» የምንለው የትምህርት ጨዋታ ከኢንተርኔት በፊት የተጀመረ ነው ማለት እንችላለን። ጨዋታውን ያቀረበው ገና የመምህርነት ልምምድ ላይ የነበረው ዶን ራዊትሽ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የጻፉለት ጓደኞቹ ቢል ሃይኔማንና ፖል ዲለንበርገር ናቸው። ሥራው የፈጀባቸው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ስሙም «ኦሪገን ትሬይል» ተባለ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሰፋሪዎች በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ምዕራብ የተጓዙበት መንገድ ስም ነው።

ይህን ጨዋታ የመረጥኩት ስፖንሰር ስላልነበረው ነው። ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ከጀርባው አልነበረም። ራዊትሽ እ.ኤ.አ. በ1974 የሚኒሶታ ግዛት ባቋቋመው የትምህርት ኮምፒዩቲንግ ተቋም፣ በአጭር ስሙ «ሜክ»፣ ሲቀጠርና ጨዋታውን ለግዛቲቱ ትምህርት ቤቶች ሲያቀርብ፣ ወጪው የሕዝብ ገንዘብ ነበር። እንዲያውም በዚያ ጊዜ የሠራው ሥራ እኛ የታሪክ ሰዎች የምናደንቀው ነው። የተጓዦቹን የዕለት ማስታወሻዎች አንብቦ፣ በሽታ፣ ዝናብ፣ የጋሪ ስብራት በየትኛው የመንገዱ ክፍል ምን ያህል ያጋጥም እንደነበር ገምቶ፣ የጨዋታውን ዕድሎች በዚያው ልክ አስተካከለ። ከምንጭ ተነሥቶ መጻፍ ማለት ይኸው አይደለም?

ችግሩም የጀመረው እዚሁ ላይ ነው። ማስታወሻ የጻፉት ተጓዦቹ ናቸው። መንገዱ በመሬታቸው ላይ የሚያልፍባቸው ሕዝቦች የዕለት ማስታወሻ አላስቀመጡም። ስለዚህ ጨዋታው ለምንጮቹ ይበልጥ ታማኝ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ።

በ1978 የፕሮግራሙ ሙሉ ኮድ «ክሪኤቲቭ ኮምፒውቲንግ» በተባለ መጽሔት ላይ ስለታተመ እንደማንኛውም ሰነድ ልናነበው እንችላለን። እውነቱን ለመናገር፣ ጥላቻ ያለበት ጽሑፍ አይደለም። በመንገድ የሚመጡት ፈረሰኞች ከየትኛው ሕዝብ እንደሆኑ አይገለጽም፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች በስም የሚነሡትም ለተጓዡ ምግብ የሚገኝበትን ቦታ ሲጠቁሙ ነው። ወገንተኝነቱ ያለው በቃላቱ ሳይሆን በሒሳቡ ነው። ተጫዋቹ በሰላም በሚመጡ ፈረሰኞች ላይ ጥቃት ቢሰነዝር የሚቀነስበት የተጓዘው ርቀትና ጥይት ነው፤ የሞተ ሰው በሌላው ወገን አይመዘገብም። ጉዞው የሚካሄደው በ1847 ነው። በዚያው ዓመት የኩፍኝ ወረርሽኝ ካዩስ የተባለውን ሕዝብ ክፉኛ ጨርሶታል። በጨዋታው ውስጥ ግን በሽታ የሚይዘው ባለ ጋሪውን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አጨራረሱ ነው። ኦሪገን ሲደረስ ጨዋታው ያበቃል፤ ተጫዋቹም አሸንፏል። ለነባሮቹ ሕዝቦች ግን ዋናው ታሪክ ገና መጀመሩ ነው። የ1850ው የመሬት ሕግ በዋናነት ለነጭ ሰፋሪ 320 ኤከር፣ ማለት በእኛ ከሦስት ጋሻ በላይ መሬት፣ ለሚስቱም ያንኑ ያህል የሚሰጥ ነበር። ከዚያ በፊት በ1844 የወጣ ሕግ ደግሞ ጥቁሮች በኦሪገን እንዳይሰፍሩ ከልክሏል፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ የተባለው ጥቁር ሰፋሪ ያን መንገድ ሁሉ ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ከኮሎምቢያ ወንዝ በስተ ሰሜን ሄዶ ለመስፈር የተገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የመድረስ ትርጉም ለሁሉም አንድ አልነበረም።

ኮዱ በታተመ በዓመቱ፣ በ1979፣ የጆን አንሩ የምርምር መጽሐፍ ወጣ። አንሩ ከ1840 እስከ 1860 በነባር ሕዝቦች የተገደሉትን ተጓዦች 362፣ በተጓዦች የተገደሉትን ነባሮች ደግሞ 426 አድርጎ ቆጥሯል። ሁለተኛው ቁጥር በኮዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መምህሩ ቢል ቢግሎው በ1995 ጨዋታውን አጥብቆ የተቸው ከዚህ በተቀራረበ መንፈስ ነው። ነባር ሕዝቦችን ወክሎ መጫወት የተቻለው፣ ከእነርሱ ታሪክ ምሁራን ጋር በተደረገ ምክክር፣ በ2021 በወጣው እትም ነው። ከመጀመሪያው ቀን እስከዚያ 50 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

የጨዋታ ደንብ እሴት ይሸከማል ስል ለእኛ አዲስ ነገር አልተናገርኩም። ሪቻርድ ፓንክረስት ያ የቴሌታይፕ ጨዋታ በተወለደበት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት እንደምናየው፣ አባቶቻችን ጨዋታውን የሚጀምሩት «ወረራ» በሚባል ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም። ማሸነፍ ብቻም አይበቃም፤ በምን ጠጠር እንደተሸነፈ ክብሩን ይለውጠዋል። ይህ ደንብ ስለ መኳንንቱ የሚነግረን ከብዙ ዜና መዋዕል ያላነሰ ነው። (ተማሪዎቼ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ዛሬም ስቃችኋል።)

አሁን ወደ ከፋዩ ልመለስ። የነዳጅ ኩባንያው ሼቭሮን በ2007 ስለ ከተማ የኃይል ምንጭ አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ሲያወጣ ማንም ሰው ዓላማውን ይጠረጥራል፤ ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም። የሚከብደው በጎ አድራጊው ስፖንሰር ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ2005 «ፉድ ፎርስ» የተባለ ጨዋታ ለልጆች በነጻ አሠራጨ። ታሪኩ የሚፈጸመው በሕንድ ውቅያኖስ ባለች ሼይላን በተባለች ምናባዊ ደሴት ነው፤ ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ተጫዋቹ ስድስት ተልእኮ ይሰጠዋል፦ በሄሊኮፕተር ሕዝቡን ይቃኛል፣ ለአንድ ሰው ከ30 ሳንቲም ባልበለጠ ዋጋ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ያመጣጥናል፣ ከአውሮፕላን እህል ይጥላል። በመጨረሻው ተልእኮ እርዳታው መንደሩን መልሶ ያቋቁማል።

እኔ የእርዳታ ስንዴ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጆንያው ከስንዴው በኋላ ምንጣፍ ሆኖልናል። ስለዚህ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ጨዋታውን ስጫወት የፈለግሁትን ሰው አጣሁት። ሁሉም ተልእኮ የሚሰጡት የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፤ የደሴቲቱን ሰው ሆኖ መጫወት አይቻልም። እናቴ በዚያ ዘመን ያደረገችውን፣ ማለትም የትኛውን ከብት አስቀድሞ መሸጥ፣ ለዘር የተቀመጠውን እህል እስከ መቼ አለመንካት፣ የትኛውን ልጅ ወደ ዘመድ መላክ፣ የሚጠይቅ ተልእኮ የለም። እነዚህ ውሳኔዎች ከማንኛውም ጨዋታ ይበልጥ ከባድ ሒሳብ ነበራቸው። ጨዋታው ውሸት አልተናገረም፤ የከፈለው ድርጅት የሚያውቀውን ሥራ አሳየ። የዕለት ማስታወሻው ለራዊትሽ እንዳደረገው ሁሉ፣ እዚህም ምንጩ ተጫዋቹን መረጠ።

ለምርምር የሚቸግረን አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የ1978ቱ ኮድ በወረቀት ስለታተመ ዛሬም እያንዳንዱን መስመር መመርመር እንችላለን። በ2000ዎቹ ለትምህርት ቤት ልጆች የተሠሩ ብዙ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ግን በፍላሽ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ፍላሽ ደግሞ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል። ስፖንሰሩ ገጹን ሲዘጋ ደንቡም አብሮ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሴሚስተር የታሪክ አጻጻፍ ዘዴ ኮርስ የምትወስዱ ተማሪዎች የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ይሆናል፦ በእጃችሁ ስልክ ወይም በታናናሾቻችሁ ታብሌት ላይ ካለ አንድ የትምህርት ጨዋታ ተነሥታችሁ፣ የሚቆጥረውን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ፤ ከጎኑም የማይቆጥረውን። ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቀኑንና የከፋዩን ስም ጽፋችሁ አምጡ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።