ማርያም ደዓሪት፦ ዛፍ ውስጥ ያለችው ማርያም

ከከረን ከተማ ወጣ ሲሉ አንድ ግዙፍ ባኦባብ ይገኛል። ግንዱ ውስጡ ክፍት ነው። እዚያ ውስጥ ካቶሊኮች ጸሎት ቤት ሠርተው የእመቤታችንን ምስል አስቀምጠዋል። ማርያም ደዓሪት ይሏታል።

ስለ ዛፉ አብዝቶ የሚወራው የጦርነቱ ወሬ ነው። እንግሊዝ የህንድ ክፍለ ጦሮችን ይዞ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። ታዲያ የጣሊያን ወታደሮች የአውሮፕላን ድብደባ ሸሽተው ዛፉ ውስጥ ገቡ፤ ዛፉ ተመታ፤ እነሱም ምስሉም ተረፉ ይባላል።

ተአምሩን አልከራከርም። ግን ወዳጆቼ፣ በዚህ ወሬ ውስጥ የሚተርፈው ጣሊያን ብቻ መሆኑን ልብ በሉ! በጣሊያን ባንዲራ ሥር ተሰልፈው እዚያው ተራራ ላይ ያለቁት ኤርትራውያን አስካሪዎች የት ገቡ? ከረን ባለው የጣሊያን መቃብር የብዙዎቹ ድንጋይ የሚለው «ያልታወቀ አስካሪ» ነው። አለቆቻቸው በስማቸው ተቀብረዋል።

እኔ ከወታደሮቹ ይልቅ የቡናው ነገር ይበልጥብኛል። ባል ወይም ልጅ የምትሻ ሴት ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና ታፈላለች። መንገደኛ አልፎ ሲኒውን ከተቀበላት ልመናዋ ሠመረ ማለት ነው። መንገደኛው ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይሁን። (ይህን ከሮም የመጣ ሚስዮናዊ ያስተማራቸው አይመስለኝም፤ ጀበናው የአገሬው ነው።)

ዓመታዊው ንግሥ ግንቦት 21 ነው። በኦርቶዶክሱም ዘንድ ቀኑ የማርያም ነው፤ ደብረ ምጥማቅ ይከበርበታል።